ያልተጠመቀው ሞተር

ቤንዚን ከተቆረጠ ቀንጠፋ ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ ቆሽቴ ያርራል። ሌላው ሰው ምን እንደሚሸተው አላውቅም፤ እኔን የሚሸተኝ አያ ሲሳይ ነው። በቀደም ሰቆጣ ሄጄ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስወጣ አንድ ወጣት መቁረጫ ሞተር በማንገቻ አንግቶ የመንገዱን ዳር እሾህ ያጭዳል። ዘንጉን ግራ ቀኝ በወረወረ ቁጥር ጫፉ ላይ ያለው ጥርሳም ብረት እየጮኸ ቁጥቋጦውን ያረግፈዋል። ሰማያዊው ጭስና የእሾሁ እርጥብ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ ባለሁበት ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ "ምነው? ፊትሽ ተለዋወጠ" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ምንም ይባላል እንጂ ሌላ ምን ይባላል፣ መንገድ ላይ ቆሞ የዚያን ዓመት ነገር ከየት ይጀምሩታል።

ከአባቴ ልጀምረው። አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ ቀረ። መጀመሪያ "ለፋሲካ ይመጣል" ተባለ፤ ቀጥሎ "ለመስቀል" ተባለ፤ ከዚያ ማንም ምንም ማለቱን ተወ። እናቴ ወርቄ ባል የሞተባት አልነበረችም፣ ባል ያላትም አልነበረችም። ለቅሶ ልቀመጥ ብትል "ሬሳ ሳይታይ?" ይሏታል፤ ሌላ ላግባ ብትል "ባልሽ ቢመጣስ?" ይሏታል። በሬ አልነበረንም። መሬታችንን በእኩል ያርስልን የነበረው ሰውዬም አባቴ እንደማይመለስ ሲገባው በሬዎቹን ይዞ ዘወር አለ።

መሬት ደግሞ ባለቤቱ ሲዘገይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ክረምት ሣር አበቀለ። በሁለተኛው ቀጋና አጋም። ከዚያ ቀንጠፋው መጣና ሁሉንም እየረገጠ ወጣበት። ቀንጠፋን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ሰው ሲገባ ዝም ብሎ ያስገባዋል፤ ልውጣ ሲል ግን ልብሱን ይዞ አልለቅም ይላል። መሬታችን እንዲህ ዳዋ በላው።

ትልልቆቹ ቤታችን መጥተው "መሬትሽ እኮ ከፆመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው" ሲሏት እሰማለሁ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ መፆም ጥሩ ነገር መሆኑን ነው የማውቀው። መሬታችን እንደ መነኩሴ ሦስት ዓመት ሙሉ መፆሙ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር። እናቴ ግን ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሦስት ዓመት ሳይታረስ የቆየ መሬት ተወስዶ ለሌላ ይሰጣል፤ የቀበሌ ሰዎች በዚያው ክረምት ሊያዩት ይመጣሉ። መሬቱ ከሄደ እኛም የት እንደምንሄድ አይታወቅም።

የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለአያ ሲሳይ ልጅ ነው። መሬታቸው ከመሬታችን በአንድ ዳገት ይዋሰናል፤ ልጁም ሚስት ሊያገባ ነው።

አያ ሲሳይ የመንደራችን ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው ይመስሉ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ሕፃን ሲያዩ "ደጉ፣ ደጊቱ" ይላሉ። የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን በዓል ያስከብራሉ። በዓል ሊገባ ሲል ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ቋጥኝ ላይ ይወጡና "ነገ ሚካኤል ነው፤ ሞፈር እንዳይነሣ፣ ማጭድ እንዳይያዝ" ብለው ይጣራሉ። በበዓል የሠራ ሰው በአገር ላይ በረዶ ያወርዳል፤ ይህን የማያምን በመንደራችን አልነበረም፣ እናቴም ታምናለች። የሠራው ሰው ከተገኘ እሳት አይጫርለትም፣ ደጁ አይረገጥም፣ ሰንበቴ ላይ ጽዋ አይሰጠውም።

እናቴ መጀመሪያ በእጇ ሞከረችው። ገጀራ ተውሳ ትቆርጣለች፤ እኔ የቆረጠችውን በባላ እንጨት እየያዝኩ እጎትታለሁ። ቀኑን ሙሉ ውለን ዞር ብለን ስናየው የመነጠርነው የአንድ በግ መተኛ አይሞላም። እሾህ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ተሰበረባትና አበጠ። እጇ አልጨበጥ አላት፤ ሊጥ እንኳን የማቦካላት እኔ ሆንኩ። ደቦ እንዳትጠራ ለደቦ ጠላ ያስፈልጋል፣ ጠላ ደግሞ ከባዶ ጎተራ አይጠመቅም። አንዳንድ ሰው "ነይ እናግዝሽ" ሊል አፉን ይከፍትና የአያ ሲሳይን ዐይን አይቶ ይዘጋዋል። ዐይናቸውን አይቶ የሚዘጋ አፍ ለምን እንደተሠራ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ግንቦት ላይ ሞተሩ መጣ። ከሰቆጣ ግብርና የተላከ ታደለ የሚባል ሠራተኛ በአህያ አስጭኖ አመጣው። ታደለ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ልጅ ነው፤ የአገራችንን ኽምጥኛ አንድ ቃል አይችልም፤ ሴቶቹ በኽምጥኛ ሲያሙት "እንደምን አደራችሁ" እያለ ይመልስላቸዋል። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይንጥና ይጨምራል፣ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ገመዱን አንዴ ሁለቴ ሲስበው ሞተሩ ያጓራል። የመጀመሪያ ቀን ከብቱ ሁሉ ደንብሮ ገደል ሊገባ ነበር። እናቴና እኔ አንድ ሳምንት ቆርጠን ያልጨረስነውን የሚያህል ሽንጣም ቀንጠፋ ሰው ሽሮ ሠርቶ እስኪያወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ መሬት ለመሬት አነጠፈው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየው ነበር። ከዚያን ቀን በፊት ስትመኝ አይቻት አላውቅም።

ዳዋ ያለበት ሰው ሁሉ ዕጣ አወጣ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን ደረሰው። የአያ ሲሳይ ቀን በጊዮርጊስ ላይ ዋለ። የእናቴ በመድኃኔዓለም። በማግስቱ ሞተሩ ተጭኖ ወደ ፃግብጂ ይሄዳል፤ ዳግመኛ አይመለስም።

በጊዮርጊስ ዋዜማ ሰው ሁሉ አያ ሲሳይ ቀናቸውን ይተዉታል ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ሰውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፤ እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ፤

"ልጆቼ፣ በዓል የሚሽረው እጅ ነው። እኔ ነገ ሞፈር አልጨብጥ፣ ገጀራ አላነሣ። የሚቆርጠው ሞተሩ ነው። ሞተር ደግሞ አልተጠመቀም። ያልተጠመቀ በዓል የለበትም።"

ሰዉ ሳቀ። መምሬ ኃይሌ፣ የደብሩ ቄስ፣ ፂማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። "እንዲያ ከሆነማ..." ብለው ተዉት። አንድም ሰው "ኧረ አያ ሲሳይ፣ ሞተሩን የተሸከመውስ?" ያለ የለም። በማግስቱ በጊዮርጊስ ደወል እየተደወለ የእሳቸው ዳገት ሲታጨድ ዋለ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ቆመው አስቀደሱ፤ እጃቸው አልነካማ።

እኔ ግን ነገሩ በጣም ነበር ያስደነቀኝ። ያልተጠመቀ ነገር ምንም ቢሠራ ኃጢአት የለበትም ማለት ነው። ከዚያ ሐሳብ ገባኝ፤ ተጠምቆ ቢሆንስ? ታደለን እንጨት ጥላ ሥር ብረቱን በሞረድ ሲስል አገኘሁትና "ሞተርህ ክርስትና ተነሥቷል?" አልኩት።

ሳቅ ሳይል አየኝ። "እንዴታ፣ በሰማንያ ቀኑ ነው የተነሣው።"

"ሴት ነው እንዴ?"

"አይ፣ በአርባ ቀኑ ማለቴ ነው።"

"ስመ ክርስትናው ማነው?"

"ገብረ ቤንዚን" አለኝና ሞረዱን ቀጠለ።

እኔ አመንኩት። አያ ሲሳይ ሞተሩ ክርስቲያን መሆኑን ሳያውቁ በጊዮርጊስ አሠርተውታል፤ ምስኪን፣ አላወቁም ብዬ አዘንኩላቸው። ዛሬ ሳስበው ያ ሐዘኔ ራሱ ያናድደኛል።

መድኃኔዓለም ደረሰ። እናቴ በጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን አጠበቀች፣ ያበጠ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መሬታችን ዳር ቆመች። ታደለ ሞተሩን አንግቶ መጣ። ገመዱን ሊስብ ሲል ከላይ በኩል አያ ሲሳይ መምሬ ኃይሌን አስከትለው፣ ከኋላ ሌሎች ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ወረዱ።

"ወርቄ፣ ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?" አሉ፣ በዚያ በለስላሳው ድምፃቸው።

"ዕጣዬ ነው አያ ሲሳይ።"

"ዛሬ መድኃኔዓለም ነው።"

"የእርስዎም እኮ ጊዮርጊስ ነበር። ሞተሩ አልተጠመቀም ብለው ነበር።"

"ሞተሩማ አልተጠመቀም" አሉ። "ተሸካሚው ግን ተጠምቋል። ይህን ልጅ በመድኃኔዓለም ኃጢአት ላይ ልትጥይው ነው? መድኃኔዓለም እኮ የሁሉ ጌታ ነው፤ ጊዮርጊስ ሰማዕት ነው። እኩል አይደሉም።"

ታደለ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "እኔ ግድ የለኝም አባቴ፣ በበዓልም ሠርቼ አውቃለሁ። ነገ ፃግብጂ ነኝ፤ ለእሳቸውም ሌላ ቀን የለኝም" አለ። አንድ ሽማግሌ "አንተ ትሄዳለህ፤ በረዶው የሚወርደው እኛ ላይ ነው" አለው። እናቴ ወደ መምሬ ኃይሌ ዞረች።

"አባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። በጊዮርጊስ የተፈቀደው ዛሬ ለእኔ ሲሆን ለምን ይከለከላል?"

መምሬ ኃይሌ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩት። "ልጄ፣ አገር የሚለውን መስማት ነው" አሉ። ወደ እግራቸው ነው ያዩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ መስቀል የያዘ ሰው የሰው ፊት ማየት አቅቶት እግሩን ያያል። ተያይዘው ወደ ቅዳሴያቸው ወጡ። ታደለ ማንገቻውን መፍታት ጀመረ።

እናቴ ያኔ አላለቀሰችም። ቤተ ክርስቲያኑ ከሸንተረሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ሲሻገር ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ታደለ ጠጋ ብላ "ልጄ፣ ከመጫንህ በፊት የተረፈውን ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ አቃጥለህ ትጨርሳለህ አይደል?" አለችው። እውነት ነው፣ ሥራ ሲጨርስ ሁልጊዜ ያስጮኸው ነበር፤ መንደሩም ለምዶታል። ታደለ መፍታቱን ተወ። "እዚህ አቃጥለው" አለችና በወንዙ በኩል ጎርፍ በቦረቦረው ጉድባ አስገብታ እየጎተተች መሀል ዳዋው ውስጥ አስገባችው። እኔ ጉድባው አፍ ላይ ቁሚ ተባልኩ። ሞተሩ አጓራ። ብዙ አልቆየም፤ ቤንዚኑ ሲያልቅ ሳል ሳል ብሎ ቀጥ አለ። ታደለ ሲወጣ ፊቱ ተቧጥጦ ነበር። "እናቴ፣ ከዚህ በላይ አልችልም" አላት። እሷም በኽምጥኛ መረቀችው። አልገባውም፤ ግን "አሜን" አለ።

ገብተን አየነው። የአንድ አውድማ ስፋት ያህል ተመንጥሯል። ዙሪያውን ቀንጠፋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የለም። ለእኔ ቤት ነበር የመሰለኝ፤ እናቴ ጣሪያ የሌለው ቤት የሠራችልኝ። በየቀኑ በጉድባው እንዳንታይ በደረታችን እየተሳብን እንገባና በዶማ እንቆፍራለን። እጇ እያመማት በግራዋ ትቆፍራለች፤ ጓሉን እኔ እሰብራለሁ። ሰኔ ሳይጋመስ ገብስ ዘራንበት። "ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። ድብብቆሽ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ በረዶው ወረደ። ሐምሌ ላይ፣ የሰው ገብስ ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ መጣና የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ሁሉን ቀጠቀጠው። የአያ ሲሳይን ቀጠቀጠ፣ የመምሬ ኃይሌን ቀጠቀጠ፣ የእኛንም ያችን አውድማ ቀጠቀጣት፤ እሾህ በረዶ አያስጥልም። ማታውኑ "በመድኃኔዓለም ሞተር ሲጮህ ሰምተናል" የሚል ወሬ ተነሣ። መጀመሪያ "ያ ባለሞተር ነው፣ የሰው አገር ሰው ምን ያውቃል" ተብሎ ታደለ ተረገመ። በጊዮርጊስ የጮኸውን ግን የሰማ ጆሮ ጠፋ።

እናቴ በረዶው ከወረደ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። እኔ እንዳጽናናት ብዬ ምስጢሬን አወጣሁላት። "እማ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። አያ ሲሳይ ተሳስተው ነው። ሞተሩ ተጠምቋል እኮ፤ ገብረ ቤንዚን ነው ስሙ።" እናቴ አየችኝና ሳቀች። በዚያ ክረምት ሁሉ ያን አንዴ ነው የሳቀችው። ቀጥላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለች።

በሐምሌ አጋማሽ የቀበሌ ሰዎች መጡ። መሪያቸው ጃንጥላ የያዘ፣ ጫማው ጭቃ የሞላ፣ የደከመው ሰው ነበር። አያ ሲሳይ ልጃቸውን ይዘው እንግዶቹን ከዳር አቆሟቸውና በበትራቸው እያሳዩ "ይኸውላችሁ፣ ሦስት ዓመቱ። ከብት እንኳ አይገባበትም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከዚያ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር እሾህ ነው። ሰውዬው እናቴን "እህቴ፣ ያረሽው ነገር አለ?" አላት።

አያ ሲሳይ ቶሎ ብለው ጠጋ አሏት። ከጎኗ ስለነበርኩ ያሉትን ሰምቻለሁ። "ወርቄ፣ ሞተሩ በመድኃኔዓለም ለምን እንደጮኸ አገር አላወቀም። እኔ ግን እጠረጥራለሁ። ዝም ካልሽ እኔም ዝም እላለሁ።" ለስላሳ ነበር ድምፃቸው፣ የሚመክሩ ነበር የሚመስሉት።

የተያዘችበትን ነገር ልጅም ብሆን ያኔ ገባኝ። ያረስኩት አለኝ ካለች በረዶውን ያወረደችው እሷ ትሆናለች። የለኝም ካለች መሬቱ ይሄዳል። እናቴ ለሰውዬው "ይከተሉኝ" አለችው፤ ጃንጥላውን ዘግቶ በጉድባው ጎንበስ ብሎ ተከተላት፤ ሰዉም ተከተለ። ገብሱ ተሰባብሮ ተኝቷል፤ ግን ገብስ ነው፤ መስመሩ፣ የዶማው ጓል ይታያል። የተቆረጠው ጉቶ እንደ ቢላ ሥራ ልሙጥ ነው፤ ገጀራ እንዲህ አይቆርጥም።

"ይህን ማን መነጠረው?"

"እኔ። በሞተር አስመነጠርኩት፣ እኔና ልጄ ቆፍረን ዘራነው።"

"መቼ?"

"በመድኃኔዓለም" አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ብቻ አለችው።

አያ ሲሳይ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰማችሁ? በረዶውን ያወረደችብን ይህችው ናት።" የቀበሌው ሰውዬ ልብሱን ከቀንጠፋው ሲያላቅቅ "የበዓሉ ነገር የእናንተ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም። መሬቱ ተጀምሯል፤ ፆም አይባልም" አለ። በቃ፤ መሬቱ የእኛ ሆኖ ቀረ። ከጉድባው ስንወጣ ግን ለእናቴ መንገድ የለቀቀላት ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ፊቱን አዞረባት።

ከዚያ የሆነውን ለሰው ስነግር "ይህን ያህል፣ ዝም ስላሏት ብቻ ነው?" ይሉኛል። አዎ፣ ዝም ስላሏት ነው። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሣሉ። እሳት ጠፍቶብን ከጎረቤት ልጭር ስሄድ በሩ ይዘጋል፤ እርጥብ እንጨት ላይ እየነፋን እናድራለን። አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች "በረዶ" ብለው ስም አወጡልኝ። የእነሱን ገብስ የመታው በረዶ እኮ የእኛንም መትቶታል። ግን ለማን ይነገራል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል መምሬ ኃይሌ በሰው ላኩባት፤ ፆሙ ሳይገባ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ አገርን ይቅርታ ትጠይቅ፣ ይፈታላታል። በአገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይመጣል፤ የተበደለው ድንጋዩን ያነሣለታል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። እኔ "አትሄጂ" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ላይ ጮህኩባት፤ "ያጠፋሽው አንቺ ብቻሽን ነሽ እንዴ" አልኳት። ከመሬታችን ዳር ሁለት ድንጋይ መረጠች። ትልቁን ለራሷ አደረገች፤ ትንሹን እኔ ማጅራት ላይ አስቀመጠችው። እኔም ቆፍሬያለሁና የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፣ አፈሩ አንገቴ ውስጥ ይገባል፣ ዳገቱን እየረገምኩ ወጣሁ።

ሰዉ ደጀ ሰላሙ ፊት ተቀምጧል። አያ ሲሳይ ከመሀል ናቸው፣ ጋቢያቸው እንደ ወትሮው ንጹሕ። እናቴ ተንበረከከች። "አጥፍቻለሁ። በመድኃኔዓለም አሠርቻለሁ። ማሩኝ" አለች። መምሬ ኃይሌ ተነሥተው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉና ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሡላት። ሴቶቹ አለቀሱ። አንዷ ምንጭ ላይ ስትሸሸን የሰነበተች ሴት መጥታ እናቴን ልታነሣ እጇን ያዘቻት።

እናቴ ተነሣች። ወደ እኔ ዞራ ድንጋዩን ከላዬ ወሰደች፣ ሄዳ አያ ሲሳይ እግር ሥር አስቀመጠችው።

"ይሄኛው የእርስዎ ነው አያ ሲሳይ። የጊዮርጊሱ።"

አያ ሲሳይ ወደ መምሬ ኃይሌ ዞረው "ምን ትላለች ይህች?" አሉ። መምሬ ኃይሌ እንደገና እግራቸውን ማየት ጀመሩ። አያ ሲሳይ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ነግሬአችሁ ነበር እኮ። ሞተሩ አልተጠመቀም።"

"እንግዲያው የእኔንም ሞተሩ ይሸከመው ነበራ" አለች እናቴ።

አንድ ሰው፣ ከኋላ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ሳል አስመሰለው። የረዳን እሱ ብቻ ነው፣ በሳሉ። ሌላው መሬት መሬት ያያል። ሁሉም በጊዮርጊስ ሞተሩ ሲጮህ ሰምቷል፤ ሁሉም በዚያ ቀልድ ስቋል። አያ ሲሳይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ፣ ድንጋዩን በበትራቸው ገፋ አደረጉትና ከጎኑ ዞረው ሄዱ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። እኔን የሚያቃጥለኝ የእሳቸው መሄድ አይደለም። እሳቸውማ የሚያደርጉትን አደረጉ። የሚያቃጥለኝ ያ ሁሉ የጸለየ፣ ያስቀደሰ፣ የሚፆም ሰው አንዱ እንኳ "አያ ሲሳይ፣ ይሸከሙት እንጂ" አለማለቱ ነው። ለእናቴ እንባ የነበረው ሰው ለእሳቸው አፍ አልነበረውም።

ዳገቱን ስንወርድ እኔ አለቅስ ነበር፤ ንዴት ነው፣ ሐዘን አልነበረም። እናቴ ማጅራቷን በነጠላዋ ጫፍ ታራግፋለች፤ አፈሩ ከላቧ ጋር ተጣብቆ አልለቅ ብሏታል። መሬታችን ፊት ለፊት ሲታየን፣ ያ ሁሉ ያልተቆረጠ ቀንጠፋ፣ መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

"እማ፣ እሳቸው ካልተሸከሙ አንቺ ለምን ተሸከምሽ?"

"እኔ አጥፍቻለኋ። ነገም መሬቷን ውሰዱባት ቢባል ደግሜ አጠፋለሁ፣ ደግሜም እሸከማለሁ።" ትንሽ ሄደችና ቆማ ጠበቀችኝ። "እኔ የበደልኩት መድኃኔዓለምን ነው ልጄ። ሲሳይን አይደለም።"

አያ አላለችም።